የስለት ዶሮ በንስር መንገድ

ቤት ብተወው ጭልፊት ይወስደዋል ብላ፣ ዶሮዋን ንስር በሚያልፍበት ኮረብታ ላይ ይዛ የወጣችው ሴት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው። ዲንሾ ትንሽ ከተማ ናት። አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠስሽ እንደሆነ ሌላው ጫፍ ላይ «ይማርሽ» ይሉሻል። ወሬው ሮቤ እስኪደርስ ዶሮዬ በግ ሆኗል፤ ጎባ ሲደርስ ደግሞ ንስሩ እኔን ራሴን አንስቶ ጥሎኛል። ስለዚህ እውነተኛውን ከባለቤቷ ስሙ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር፤ ብዙ ሰው ሥራ መሆኑን አያምንምና። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በየዓመቱ ከሰሜን በኩል ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ ሌላም ሥጋ በል አሞራ ሁሉ በሰማያችን ላይ ያልፋል። የውጭ አገር ብርድ ነው አሉ የሚያባርራቸው። ወደ እኛ ብርድ መምጣታቸው ግን እስካሁን አልገባኝም። ሳነቴ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ለብርድ ብሎ ወደ ባሌ አይሰደድም። ብቻ ያልፋሉ፤ ከከተማችን ዳር ያለው የተፈጥሮ ማዕከልም ወቅቱ ሲደርስ ቆጣሪ ይቀጥራል። ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ሽቅብ እያዩ መቁጠር፤ ሥራው ይኸው ነው።

ማስታወቂያው ሲለጠፍ «ወጣቶች ብቻ» ይል ነበር። ይህ ነገር አንገበገበኝ። ማዕከሉ ድረስ ሄጄ የቆጠራውን ኃላፊ ሙሉጌታን አስጠራሁት። ቀጭን፣ ሥርዓት ያለው፣ ሲናገር በእጁ አንገቱን የሚያሻሽ ልጅ ነው።

«አሞራው ወጣት ካልቆጠረኝ አላልፍም ብሏል ወይ?» አልኩት።

«እማማ፣ ዐይን ይፈልጋል፤ ለዚያ ነው» አለኝ።

«የእኔ ዐይን ምን ሆነ?»

መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆምኩ ቆይቷል። አጠገቤ ያለውን አላይም፤ ሩቅ ያለውን ግን አጋርፋ ላይ በሬ ቢያዛጋ ጥርሱን እነግራችኋለሁ። ሙሉጌታ በራፉ ላይ አቁሞ ፈተነኝ። ማዶ ካለው ገደል ላይ አንዲት ነጥብ አሳይቶ «ምንድን ናት?» አለኝ። «ጥንብ አንሳ ናት፤ ያውም ተኝታለች» አልኩት። የሩቅ ማያ መነፅሩን አውጥቶ አየና ቀጠረኝ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኮረብታው ላይ እኔና እሱ አብረን እንውላለን። ጠባችን አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ግምት ናት። አሞሮቹ በአየር ላይ እየዞሩ ተሰብስበው ሲመጡ ሙሉጌታ «ሃያ ገደማ» ይላል።

«ገደማ የሚባል ንስር የለም» እለዋለሁ።

«እማማ፣ በሳይንስም ቢሆን ግምት ይፈቀዳል።»

«ከስንት አገር ተነሥቶ በረሃና ባሕር አቋርጦ እዚህ ሲደርስ ‹ገደማ› ብለህ ትጥለዋለህ? አንተ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ስትመጣ ረዳቱ ‹አሥር ገደማ ሰው አለ› ብሎ አንተን ገደማው ውስጥ ቢከትህ ደስ ይልሃል?»

ከዚያ እንደገና አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ሽባውንም፣ ጭራው የተነጨውንም፣ ከሌላው አፍ ነጥቆ የሚበላውን ሌባም እቆጥራለሁ። ቆጠራ ውስጥ መውደድና መጥላት የለም።

አሁን ወደ ዶሮው።

ልጄ አልማዝ ጎባ ነው የምትኖረው። ክረምት ላይ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ እጨነቅ ነበር። ምጡ ጠናባት። ነርሷ እየወጣች ስትመለስ ፊቷን አየሁት። ያኔ ተሳልኩ። «እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ከነልጇ በሰላም ከገላገልሽልኝ ነጩን ዶሮዬን አስገባልሻለሁ» አልኩ። ልብ በሉ፤ «አንድ ዶሮ» አላልኩም። ነጩን ዶሮዬን ነው ያልኩት። ከጫጩትነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት፣ ደረቱ እንደ መቶ አለቃ የሚነፋ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸቱ የሚያስነሣ ነጭ ዶሮ ነበረኝ። ጨንቆኝ ስሳል ያለኝን ሁሉ ሳይሆን የምወደውን ነው የጠራሁት። አልማዝ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።

ከዚያማ የሰው ነገር ታውቃላችሁ። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ ሥራ አለ እያልኩ አቆየሁት። እውነቱን ለመናገር ዶሮውንም ሳሳሁለት። ከዕለታት አንድ ቀን አልማዝ ደወለችና «ልጅቷ ትስላለች» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ሳል?»

«ሳል ነዋ እማዬ። ሐኪሙ ቀላል ነው ብሏል።»

ሐኪሙ ስለ ስለቱ ምን ያውቃል? እኔ ግን አወቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ዶሮውን አየሁት፤ ዶሮውም አየኝ። በማግስቱ የማርያም ዋዜማ ነበር። ለበዓሉ ሳላቆይ በዚያው በዋዜማው መግባት አለበት ብዬ ቆረጥኩ። ያቺ ሕፃን አንድ ተጨማሪ ሌሊት በእኔ ስስት ምክንያት ስታስል እንድታድር አልፈልግም።

ቤተ ክርስቲያን ስለት የሚቀበሉት ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ኮረብታዬ ላይ ነኝ። ቤት ብተወው፣ ጓሮዬ ላይ የምትዞር አንዲት ጭልፊት ስላለች አላምናትም። ስለዚህ በብልሃት አሰብኩ። ብልሃቴንም ከላይ ሰምታችኋል።

ኮረብታው ላይ ስደርስ ሙሉጌታ ዶሮውን አየና አንገቱን ማሻሸት ጀመረ።

«እማማ፣ ይሄ... እዚህ ጥሩ ነው?»

«ዶሮ ነው። ምን ይሆናል?»

«አይ፣ የሚያልፉት አሞሮች እኮ ዶሮ ይበላሉ።»

«እነሱ መንገደኛ ናቸው። መንገደኛ ሩቅ ነው የሚያየው፤ አጠገቡ ያለውን አያይም። እኔን እየኝ።»

እግሩን በቀይ ክር አስሬ የክሩን ሌላ ጫፍ ማዕከሉ የሰጠን ቴሌስኮፕ የቆመበት ባለ ሦስት እግር ብረት ላይ ቋጠርኩ። ከዚያ የተሻለ ጠንካራ ነገር ኮረብታው ላይ አልነበረም። ሙሉጌታ ሊከራከር አፉን ሲከፍት በሰሜን በኩል አሞሮች ብቅ አሉ፤ ሁለታችንም ሽቅብ አየን።

ደግ ቀን ነበር። እየተጠማዘዙ፣ ከፍ እያሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንሳፈፉ ይመጣሉ። እኔ በጣቴ እያሳየሁ እጠራለሁ፤ ሙሉጌታ በእጁ የያዘውን መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። አንዱ ግን ከመንገዱ ወጣ። ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ።

«ይሄ ምን ፈልጎ ነው?» አልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ነፋሱ ነጠላዬን ሲገፍፈው ነው። ክንፉ በአጠገቤ ሲያልፍ ሰሌን የተራገፈ ያህል ድምፅ አሰማ። ዶሮዬ አንዴ ጮኸ። ንስሩ አንሥቶት ሲነሣ ክሩ ተወጠረና ቴሌስኮፑ እንደ ሰካራም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካለ በኋላ ወደቀ። ሙሉጌታ ዘሎ ቴሌስኮፑን በደረቱ ተቀበለው። ክሩ ተበጠሰ። የእኔ ስለት ደግሞ ወደ ሰማይ ሄደ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ስለት ወደ ሰማይ ይሂድ ይባላል እንጂ እንዲህ አይደለም!

ሙሉጌታ ቴሌስኮፑን እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እንዲያው በደመ ነፍስ ይመስለኛል፣ «እማማ፣ ይቆጠር?» አለኝ።

«ቁጠረው!» አልኩ እያለቀስኩ። «ሌባም ቢሆን አልፏል!»

አላለፈም። ሌላ ንስር፣ ጠቆር ያለ፣ ዶሮውን አይቶ ከላይ ተወረወረበት። ሰማይ ላይ ተያያዙ። እየተሽከረከሩ ወርደው ከኮረብታው በታች ካለው የገብስ እርሻ በላይ ሲደርሱ አንድ ነጭ ነገር ከመካከላቸው ወደቀ። ከእርሻው ጥግ ያለችው ጎጆ ጓሮ ውስጥ ሲገባ አየሁ። የሩቁን አያለሁ ብያችሁ የለ!

ዱላዬን ይዤ ቁልቁል ሮጥኩ። «ሮጥኩ» የምለው በእኔ ዕድሜ ሩጫ ለሚባለው ነው። ከኋላዬ ሙሉጌታ «እማማ፣ ቆጠራው!» እያለ ይጮኻል። ቆጠራውን ለእሱ ተውኩለት። ያቺ ሕፃን ስታስል ነው ጆሮዬ ውስጥ የምሰማው።

ጎጆዋ የጀማል ናት። ጀማልን ጠባዩ ቀና፣ እርሻው ያማረ ሰው መሆኑን ከሩቅ አውቃለሁ። ሚስቱ ዘይነባ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ናት። እናቱ አደ ሩቅያ፣ አደ ማለት ወይዘሮ ነው፣ ደግሞ የእኔ እኩያ ናት፤ ገበያ ላይ በድንች ዋጋ ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

አጥሩ ጋ ስደርስ ጀማል ቢላዋውን በሣር ሲጠርግ አገኘሁት። እግሩ ሥር ነጭ ላባ ተበትኗል።

«አኮ፣ ምን ሆነው ነው? ይቀመጡ» አለኝ። አኮ ማለት እንደ አያት መጥራቱ ነው።

«ዶሮዬ!» አልኩት። ትንፋሼ ከዚህ በላይ አላናገረኝም።

ፊቱ ተለወጠ። ላባውን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ።

«የእርስዎ ነው እንዴ? እኔ ከሰማይ ነው የወደቀልኝ። ክሩን እግሩ ላይ ሳየው የሰው መሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አንገቱ ተሰብሮ ነፍሱ ልትወጣ ነበር። ሳላርደው ቢሞት ለእርስዎም ለእኔም አይሆን፤ ጥንብ ነው። ቢስሚላሂ ብዬ አረድኩት።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ግን እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን በስመ አብ ብዬ ባረክሁት ነበር። ፍርድ የሚወድ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ ተቆጥቶ እንኳ ደስ አይለው።

ግን ታረደ። በሙስሊም እጅ የታረደ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ እኛ ያረድነውም ለእነሱ እንደማይገባ ሁሉ። በባሌ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ስለቴ ዐይኔ እያየ ከክርስቲያን ዶሮ ወደ ሙስሊም ሥጋ ተሻገረ።

በዚህ መካከል አደ ሩቅያ ከጓዳ ወጣች።

«ምን ይጮሃል ደጄ ላይ? ኦ፣ አንቺ ነሽ? አከም ጂርታ?»

«ደኅና አይደለሁም። ዶሮዬን አርዳችኋል።»

«ያንቺ ነው? እኔ ረቢ ነው የላከልን ብዬ። ከትናንት ጀምሮ ለአራሷ ዶሮ አጥተን ስንጨነቅ ነበር። ዛሬ ከሰማይ ወረደ።»

«ንስር ጥሎት ነው!»

«ንስሩንስ ማን ላከው?» አለችና ወገቧን ያዘች። «ደግሞ ያንቺ ከሆነ አይገርመኝም። አያቶችሽም ከላይ ወርደው መሬታችን ላይ ሰፈሩብን፤ ዶሮሽም እንደ አያቶችሽ።»

እንግዲህ አያቴ ከሰሜን ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ አድጌያለሁ፤ መልስ አላጣለትም።

«አያቴን ቢያንስ አላረዳችሁትም» አልኳት።

«አልወደቀማ አንገቱ ተሰብሮ!» አለችኝ።

ጀማል ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ እርሻው አዞረ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እንባዬ መጣ። ስለቱን፣ አልማዝን፣ ሳሉን ነገርኳቸው። አደ ሩቅያ ወገቧን ለቀቀች። እነሱም አገር ሴቷ ስታምጥ ማርያምን ‹ማረም› ብለው ነው የሚለምኑት፤ ስለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጀማል ጓሮ ሄዶ ቀይ ዶሮውን ይዞ መጣ። «ይሄን ይውሰዱ አኮ። ለስለቱ ይሁን።»

«ቀይ ዶሮ አልተሳልኩም ልጄ።»

«ዶሮ ዶሮ ነው እኮ።»

«ለሆድ ነው እንጂ ለስለት አይደለም። ደግሞ አንተ ምን በደልክና ዶሮህን ትከፍላለህ? ንስሩ ነው ባለዕዳው፤ እሱን ደግሞ የት አገኘዋለሁ?»

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ገባሁ። ወደ አባ ተክሌ ልሄድ ነው፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። ጸጉሬ ተበታትኗል፣ ነጠላዬ ላይ ነጭ ላባ ተጣብቋል። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምነው?» ይላል፤ አልመልስም። አባ ተክሌ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለት ሲቀበሉ አገኘኋቸው። አንዷ ጥላ፣ አንዷ ጧፍ ይዛ ቆማለች። እኔ ባዶ እጄን ቆምኩ።

«አባ፣ ስለቴ ታረደ» አልኳቸው።

«ማን አረደው?»

«ጀማል።»

«የትኛው ጀማል?»

«ከኮረብታው በታች ገብስ ያለው።»

«ጀማል ያንቺን ዶሮ ምን አገባው?»

«ከሰማይ ወደቀበት።»

አባ ተክሌ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በደንብ አዩኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ቢሆንም «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ እህል ቀምሰሻል?»

«አባ፣ ሰክሬ አይደለም!» አልኩና ከነንስሩ፣ ከነቴሌስኮፑ፣ ከነአንገቱ፣ ከነአራሷ ነገርኳቸው። ጥላ የያዘችው ሴት ሳቋን አፍና አፍና በመጨረሻ ጥላዋን ዘርግታ ከኋላው ተደበቀች። አባ ተክሌም ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ቄስ ናቸውና ራሳቸውን ያዙ።

«አይዞሽ፤ አትጨነቂ» አሉኝ። «አራስ ቤት ነው የገባው አይደል? እመቤታችን አራስ ቤት የገባን ዶሮ መልሺ አትልሽም። ስለትሽ ደርሷል። በሰላም ሂጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸውን ስሞ ይሄዳል። እኔም ልሄድ ዘወር ብዬ ነበር፤ ተመለስኩ።

«አባ፣ ይሄ ፍርድ አይደለም።»

«ምን?»

«እኔ አልሰጠሁም። ንስር ነጠቀኝ፤ ጀማል አረደው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የእኔ መስጠት የት አለ? ሌባ የወሰደብኝን ዕቃ ‹ምጽዋት ሰጠሁ› ብዬ ለእመቤቴ ብነግራት አታፍርብኝም?»

«ፍላጎትሽን ታያለች።»

«ፍላጎቴማ ሳሳሁለት እኮ! ስንት ጊዜ ያቆየሁት ለምን ሆነ? እሱንም ታያለች።»

አባ ተክሌ ከጀርባዬ የተሰለፉትን ሴቶች አዩ፤ ፀሐይዋን አዩ፤ ጭራቸውን አነሡ።

«እንግዲያ ሂጂና ስጫቸዋ!» አሉ በቁጣ።

«ምኑን?»

«ዶሮውን!»

«ድስት ውስጥ ነው እኮ አባ።»

«ድስት ውስጥ ያለ አይሰጥም ያለሽ ማነው? በእጅሽ አንሥተሽ፣ በእመቤታችን ስም፣ ወደሽ፣ ለአራሷ ስጫት። ግን ሳይበላ ድረሽ። የተበላ የሚሰጥ ሰው የለም።»

ይሄ ፍርድ ነው! እጃቸውን ሳልስም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ ያለልክ እንደረዘመ የታየኝ። ዶሮው ገና ሳልወጣ ሲበለት ነበር፤ አሁን ይሄኔ ፈልቷል፤ አራስ ደግሞ ይርባታል፤ ያቺ አደ ሩቅያ ደግሞ ሥራ አታቆይም። አንድ አጥንት ሳይቀር ተግጦ ባገኝ፣ ስለቴ እስከ ዕለተ ሞቴ ሳይከፈል ቀረ ማለት ነው። ሌላ ነጭ ዶሮ የለኝም። እንዲያ ያለውም አይገኝም።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ሙሉጌታ በማዕከሉ ሞተር ብስክሌት ሲመጣ አየሁት። ጀርባው ላይ የተጣመመውን የቴሌስኮፕ እግር አዝሏል።

«እማማ! የት ጠፉ? ስፈልግዎት—»

«ወደ ጀማል ቤት ንዳ!»

«ቴሌስኮፑ እግሩ—»

«እሱ ሦስት እግር አለው፤ የእኔ ጉልበት ግን አልቋል። ንዳ!»

በጎን ተቀመጥኩ። ሞተር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የቴሌስኮፑ እግር በየጉድጓዱ ግንባሬን ይመታኛል። ሙሉጌታ ደግሞ ልጅ ነውና እየነዳ ይመክረኛል፤ «ወደፊት እማማ፣ ምግብ ነክ ነገር ወደ ኮረብታው ባናመጣ...» ይላል። ቀና ስል ሦስት ንስሮች በላያችን እያለፉ ነው።

«ሦስት!» ብዬ ጆሮው ላይ ጮኽኩበት።

«ምን?»

«ሦስት አለፉ፤ ቁጠር!»

«እየነዳሁ ነው!»

ገብሱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ገብተን ከአጥሩ ጋ ስንደርስ የሾርባው ሽታ ተቀበለን። በስሏል ማለት ነው። ከሞተሩ ወርጄ፣ ወይም ወድቄ፣ «እንዳትበሉ!» እያልኩ ገባሁ።

ዘይነባ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጎኗ ተኝቷል። ድስቱ ፊት ለፊቷ ነው፤ አንድ ብልት በእጇ ይዛ ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል ቀረች። አፏ እንደተከፈተ አየችኝ። አደ ሩቅያ ከምድጃው ዘላ ድስቱን ከኋላዋ ደበቀችው።

«መጣሽ ደግሞ! ከአራስ አፍ ልትነጥቂ?»

«ልነጥቅ አይደለም፤ ልሰጣችሁ ነው የመጣሁት!»

«ምኑን?»

«ዶሮውን!»

«ያለን ነገር እንዴት ነው የምትሰጪን? ይቺ ሴትዮ ፀሐይ መታት?»

ጀማል ከውጭ ገባ። ሙሉጌታም በሩ ላይ የተጣመመውን ብረት እንዳዘለ ቆሟል። ሁሉም ያየኛል። ዘይነባ ብልቱን አልለቀቀችም፤ አፏንም አልዘጋችም። አባ ተክሌ ያሉትን ነገርኳቸው። ያልሰጡት እንደማይቆጠር፣ ንስሩም ጀማልም በእኔ ፈንታ መስጠት እንደማይችሉ ነገርኳቸው። አደ ሩቅያ ዐይኗን አጥብባ አዳመጠች።

«ድስቱን ብሰጥሽ ይዘሽ አትሮጪም?» አለች።

«በዚህ ጉልበቴ? የፈላ ድስት ይዤ?»

«ሞተር ይዘሽ ነው የመጣሽው።»

ሙሉጌታ «እኔ ዋስ ነኝ፤ አልነዳም» አለ ከበሩ ላይ። አደ ሩቅያ እሱንና ጀርባው ላይ ያለውን ብረት ደጋግማ አየች። የማይታመን ዋስ መሰላት መሰለኝ፤ «ጀማል፣ በሩ ላይ ቁም» አለችው።

«ካሁን በፊት የተቀመሰ አለ?» አልኩ።

ጀማል መሬት መሬት አየ። «አንገቱን ለድመቷ ጥያለሁ፣ አኮ።»

አንገቱማ የተሰበረው ነው። ትንሽ አሰብኩና «አንገቱን ንስሩ ቀድሞ ወስዶታል፤ ከእኔ ወገን አይቆጠርም። ይለፍ» አልኩ። እንዲህ ካላልኩማ ድመቷን ልንፈልግ ነው።

ዘይነባም በእጇ ያለውን ብልት ድስቱ ውስጥ መለሰች። እንዲህ እያየችው መመለሷ ከባድ ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። አደ ሩቅያ ድስቱን ሰጠችኝ። በነጠላዬ ጫፍ ይዤው እንኳ መዳፌን ለበለበኝ። ግን ቸኩዬ አልሰጠሁም። ያ የሳሳሁለት ዶሮ ነው። ከእንግዲህ ጠዋት ሲጮኽ የማልሰማው ዶሮ። አሁን በእውነት ወድጄ እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ፤ ወደድኩም። ዘይነባ ያን ያህል ርቧት ነበር፤ እኔም የአልማዝን የአራስነት ፊት አስታወስኩ።

«እመቤቴ ማርያም፣ ነጩ ዶሮዬ ይኸው» አልኩ። «ወድጄ ነው የሰጠሁት። ልጄንና የልጅ ልጄን እንደጠበቅሽ እነዚህንም ጠብቂ።»

ከዚያም ድስቱን ዘይነባ ፊት አስቀመጥኩ።

«ብዪ» አልኳት። «አሁን ብዪ።»

ሁሉም አፍ አፏን ያያል፤ አደ ሩቅያ እንኳ። ዘይነባ ያንኑ ብልት ፈልጋ አወጣችና ነከሰች። አኘከች። ዋጠች። ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ አየሁት፤ ያኔ እኔም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጀማል «አልሃምዱሊላህ» አለ። አደ ሩቅያ ትከሻዬን በመዳፏ ደገፍ አደረገችና «ማረም እጅሽን ትባርከው» አለችኝ። ካወቅኳት ጀምሮ የነገረችኝ ደግ ቃል ይኼ ብቻ ነው። ሙሉጌታም በሩ ላይ ሆኖ ዐይኑን ጠራረገ። ጭሱ ነው አለ።

ዘይነባ ሁለተኛውን ጉርሻ ውጣ አየችኝ። ዐይነ አፋር ልጅ ናት፤ ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው።

«አኮ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ጨው አነሰው።»

«እሱ ስለቴ ውስጥ የለም ልጄ» አልኳት፤ «ከአማትሽ ጋር ተነጋገሩ።»